የሀርላዋ ቀይ ዶቃ

የተቃጠለ ፍሬን በሸተተኝ ቁጥር እጄ ኪሴ ውስጥ ያለችውን ቀይ ዶቃ ይፈልጋል። ትናንትም የጭሮን ቁልቁለት ስንወርድ ሸተተኝ።

ዶቃዋን ያገኘሁ ጊዜ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከአባቴ ጋር በሚኒባስ ከሂርና ስንመለስ ሾፌሩ ሞተር ሊያበርድ ቆመ፤ እኔም መንገዱ ዳር ካለው፣ ጥንት የጠፉት የሀርላ ሰዎች መንደር ፍርስራሽ ውስጥ ዶቃዋን አነሳሁ። ቁልቁለቱን እንደጀመርን ፍሬኑ ሸተተ፤ ሾፌሩም ወሬውን አቆመ።

አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ፣ «የሀርላ ዕቃ የያዘ ካለ በመስኮት ይወርውረው! ባለቤቶቹ ይከተሉታል፣ ወላሂ!» አሉ።

ሰው ሁሉ ኪሱን ፈተሸ። አባቴ «አንቺስ?» አለኝ።

«ምንም አልያዝኩም» አልኩት። የጨበጥኳት ዶቃ በላቤ ርሳለች።

በሰላም ገባን። ሽማግሌው ሲወርዱ ራሴን ዳበስ አድርገው፣ «ልጄ፣ እነሱ አይቸኩሉም» አሉኝ።

ትናንት ፍሬኑ ሲሸት ትከሻዬ ላይ ተኝታ የነበረችው ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው።