ከራሴ ጋር የታረቅሁ ዕለት

ቁስቋም ባለ የልጆች ማሳደጊያ ቤት ሞግዚት ነኝ። ከማሳድጋቸው ሁለቱ ትምህርት ቤት ውስጥ ተደባደቡ። ወንዱ «አንቺ ማንም የለሽም» ቢላት፣ በቅርቡ ድብ ባሕር ከሚባል አገር የመጣችው ልጅ ከንፈሩን በቡጢ አለችው። በገበታ ላይ እንኳ ከጎኔ ተቀምጣ የማታውቅ ልጅ ናት። ርእሰ መምህሩ ሁለቱም ወላጅ ይዘው እንዲመጡ አዘዘ፤ የተመታው ወገን ይቅር ካላለ እሷ ትባረራለች።

ሄድኩ። ርእሰ መምህሩ ከኋላዬ ሌላ ሰው ፈለገ። የሁለቱም ወላጅ እኔው ነኝ ብዬ ብነግረው፣ ደንቡ የሚለው ሁለት ወላጅ ነው አለኝ። ለዕርቁ የተጠሩት ሽማግሌ ገላገሉን፤ ሴትዮዋ ተራ በተራ ሁለቱንም ትሁን፣ ብቻ በዳይና ተበዳይ ባንድ አግዳሚ አይቀመጥም አሉ። ሁለት አግዳሚ ወንበር ፊት ለፊት ተደረገ።

መጀመሪያ በዳይ ሆንኩ። ባገሩ ወግ በማጅራቴ ድንጋይ ተሸክሜ፣ አጎንብሼ፣ ወንዱ ልጅ ወደተቀመጠበት ሄድኩና ከጎኑ ያለውን ባዶ ቦታ ይቅርታ ጠየቅሁ። ባዶው ቦታ ዝም አለ። ሽማግሌው በአገጫቸው ቢጠቁሙኝ ድንጋዩን አስቀምጬ እዚያው ቁጭ አልኩ። አሁን ደግሞ ተበዳይ ነኝ።

ሐሳቤ ባንድ ቃል እሺ ለማለት ነበር። ዞር ብዬ የልጁን ከንፈር ሳየው ግን አብጦ ሌላ ከንፈር ደርቧል። እውነቱን ልናገር፣ ደሜ ፈላ። ልጄን እንዲህ አድርገው ሲያበቁ ድንጋይ ተሸክሞ መምጣት ምን ይፈይዳል? አልታረቅም አልኩ። ሽማግሌው ደስ አላቸው።

«ሸጋ፣ ተበዳይ እንዲህ ነው። ባንዴ እሺ ማለት ነውር ነው» አሉና የበዳይ ወገን እንደገና እንዲለምን አዘዙ። ርእሰ መምህሩ የበዳይን ወገን ፍለጋ ወደ በሩ አየ።

እኔም ቀና አልኩ። ማዶ፣ በረጅሙ አግዳሚ ጫፍ ላይ፣ ልጅቱ ብቻዋን ተቀምጣለች። ልክ ልጁ እንዳላት፣ ከጎኗ ማንም የለም። ይቅር ብያለሁ አልኩና ተነስቼ ወደ እሷ ተሻገርኩ። ሽማግሌው ገና ሁለተኛው ልመና ይቀራል እያሉ ነበር።

ልጅቱ ቀስ ብላ ጠጋ አለችልኝ። ተቀመጥኩ። ዓይኗን ከማዶው አግዳሚ ሳትነቅል፣

«ምነው፣ እዚያ ብዙ ቆየሽ» አለችኝ።