ቀድሜ ያስገባሁት ስለት

ችኩል ነኝ። ዐረብ አገር የሠራሁባቸው ዓመታት አባሱብኝ እንጂ ከልጅነቴም እንዲሁ ነበርኩ። የፈለግኩትን ነገር ቶሎ ሄጄ ካልያዝኩት ሌላ ሰው የሚወስድብኝ ይመስለኛል። ደብረ ታቦር ተመልሼ ጸጉር ቤት የከፈትኩትም፣ ባሌን ያገባሁትም በዚሁ ጠባዬ ነው። ባሌ ግንበኛ ነው፣ ዝምተኛ፤ ሽማግሌ እስኪልክ ብጠብቀው ኖሮ ዛሬም ቆሜ እቀር ነበር። ልጅ ግን በዚህ መንገድ አልመጣ አለኝ።

ስድስት ዓመት ጠበቅን። ሐኪሞቹ ሁለታችሁም ደኅና ናችሁ አሉን። ጠበል ገባሁ፣ ጾምኩ፣ ሰገድኩ። አንድ ቀን የንስሐ አባቴ ብሶቴን ሰምተው ሲጨርሱ፣ "አንች እኮ ልመና አይደለም የያዝሽው፤ ትእዛዝ ነው" አሉኝ። "ፈቃድህ ይሁን ማለት እንዴት አቃተሽ?" ተናደድኩ። ፈቃዱ እምቢ ቢሆንስ? ይህን ግን ደፍሬ አልጠየቅኋቸውም።

እኛ ዘንድ ስለት የሚገባው የተሳሉት ነገር ከሆነ በኋላ ነው። እመቤቴ፣ ልጅ ከሰጠሽኝ ጥላ አስገባለሁ ትያለሽ፤ ስትሰጥሽ ታስገቢያለሽ። እኔ ግን ከመስጠቷ በፊት ላስገባ አሰብኩ። እመቤታችን ጥላዬን ከተቀበለች፣ ያውም በሕዝብ ፊት፣ መቼም አታሳፍረኝም ብዬ። እምነት መሰለኝ። እንዲያውም ከሌላው ሰው አብልጬ ያመንኩ መስሎኝ ኮራሁ።

በጥር የማርያም ንግሥ ዕለት ወርቃማ ዘርፍ ያለው ቀይ ጥላ ይዤ ስለት ከሚያስገቡት ጋር ተሰለፍኩ። ተራዬ ሲደርስ በድምፅ ማጉያ የሚያስተዋውቁት መሪጌታ፣ "ምን ብለሽ ነበር የተሳልሽው?" አሉኝ።

"ልጅ ስጭኝ ብዬ።"

"ሰመረልሽ?"

"አዎ" አልኩ። "ልጅ ተስላ የሰመረላት እህታችን" ብለው ሲያሰሙ እልልታው ቀለጠ። ከሁሉ የረዘመው እልልታ የማን እንደሆነ ዞር ሳልል አወቅኩ። አማቴ ናቸው፤ ንግሡን ሊያከብሩ ከገሳይ መጥተው እኛ ቤት ነበር ያደሩት።

ከሰዉ መሀል ፈልገው አገኙኝና አቅፈውኝ አለቀሱ። "ለኔ እንኳ ሳትነግሪኝ! ደግ አረግሽ፤ ሆድ ሳይገፋ ምን ይወራል" አሉ። አይደለም ማለት ነበረብኝ። እኔም መልሼ አቀፍኳቸው። ባሌ ለብቻዬ ወስዶ፣ "ለእናቴ ዛሬውኑ ንገሪያት" አለኝ። "አንድ ወር ስጠኝ፤ እውነት ይሆናል" አልኩት። እሱም እንደ ልማዱ ዝም አለ። ለዚያ ዝምታው እስከ ዛሬ አልፎ አልፎ እቀየመዋለሁ፣ ምንም እንኳ ጥፋቱ የኔ ቢሆንም።

ወሩ አለፈ፣ የወር አበባዬም ቀኑን ሳያዛንፍ መጣ። አማቴ በሚኒባስ ቅቤና የገንፎ ዱቄት ይልካሉ። ደውለው "ከባድ ዕቃ እንዳታነሽ" ይሉኛል። ዛሬ እነግራቸዋለሁ፣ ነገ እነግራቸዋለሁ እያልኩ ሁለተኛው ወር ገባ።

ያኔ ነው የባሌ የአክስቱ ልጅ፣ ሴት ልጅ በወለደች በሳምንቷ ያረፈችው። ለቀብሩ ልነሣ ስል አማቴ ደውለው፣ "አንች ከወላድ ቀብር ምን ትሠሪያለሽ? አርፈሽ ሆድሽን ያዥ" አሉኝ። ቀረሁ። ባሌም ቀብሮ በማግሥቱ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ለአርባዋ ግን ሄድኩ። ድንኳን ውስጥ ዓይኔ ሕፃኗን ፈልጎ ሲያጣ አማቴን ጠየቅኋቸው።

"ሐሙሲት ናት" አሉኝ። "በሠልስቱ ዕለት ዘመዱ ተሰበሰበና፣ አባትዮው አራት ልጅና እርሻ ይዞ እንዴት ይሆናል፣ ለናንተ ትሰጥ ተባለ። እናቷም ሳታርፍ አንችን ነበር ያለች። እኔ ነኝ እምቢ ያልሁ። የኔዋ ነፍሰ ጡር ናት፣ ሁለት ጨቅላ ባንድ ጊዜ አይሆንላትም አልኋቸው። የአባትዮው እኅት ወሰደቻት።"

"እማማ፣ ሆዴ ውስጥ ምንም የለም" አልኳቸው። "ስለቱን ያስገባሁት ሳይሰምርልኝ ነው።"

መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸውም አልጮኹብኝ፤ ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር። "እኔንስ አታለልሽኝ፤ እሷን ምን ልታደርጊያት ነበር?" አሉኝ። እመቤታችንን ማለታቸው ነው።

በሳምንቱ ሐሙሲት ወረድኩ። ልጠይቃት አልነበረም የሄድኩት፣ ልወስዳት ነው። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ሳደራጅ ነበር፤ ልጅቱ ለኔ ነበር የተባለችው፣ በስሕተት ነው፣ ስሕተቱን እናርመው። ይህ ሁሉ ደርሶብኝ እንኳ የምሮጠው ለመያዝ ነበር።

ሴትዮዋ ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ ሕፃኗን እያጠባች አገኘኋት። የራሷ ልጅ ገና ጡት ስላልጣለ ሁለቱንም ታጠባቸዋለች። የሕፃኗ ጉንጭ ሞልቷል፤ አንድ እጇን የሴትዮዋ ደረት ላይ ዘርግታለች። እኔ ዘንድ ብትመጣ የቆርቆሮ ወተት ነበር የሚጠብቃት። ይህ የታየኝ ያን ጊዜ ነው። እና የእግዚአብሔር ፈቃድ የቱ ነበር? ሊሰጠኝ እጁን ዘርግቶ እኔ ነኝ ያስመለስኩት? ወይስ ከመጀመሪያውም የዚህች ሴት ነበረች? አላውቅም። ስንት ጊዜ አስቤዋለሁ፣ አላውቅም።

አፌን ሳልከፍት እሷ ቀደመችኝ። "እንኳንም መጣሽ። ሰማንያዋ እየደረሰ ነው፤ ክርስትና አንሽልኝ። እናቷ ትወድሽ ነበር አሉ።"

ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ቀረ። "እሺ" አልኳት።

በክርስትናዋ ዕለት በእሷ ፈንታ ሰይጣንን ካድኩ፣ በእሷ ፈንታ አምናለሁ አልኩ። ተጠምቃ ስትወጣ በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ ታቀፍኳት፣ ቅዳሴው እስኪያልቅም ደረቴ ላይ ተኛች። ያን ያህል ጊዜ ልጅ ታቅፌ አላውቅም። ልጸልይ ብዬ ስሞክር ስጠኝ ከማለት ሌላ ቃል አጣሁና ተውኩት። ወደ ውጭ ስንወጣ ርቧት ነቃች። አፏን ከፍታ የቀሚሴን ደረት ወዲህና ወዲያ ፈለገች፣ ምንም ስታጣ እሪ አለች። ሴቶቹን እየገፋሁ ሮጥኩና ለምታጠባት እናቷ ሰጠኋት።