እትዬ አማረች ያላሉት ምስጋና

ዛሬ ጓደኛዬ በአዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት የእትዬ አማረችን ቃል ገለበጠው።

እትዬ ሐይቁ ዳር ባለው የአሞራ ገደል ገበያ ዓሣ ይሸጣሉ፤ ትዕዛዝ የሚቀበሉት በቴሌግራም ነው። «ስለ ኢንተርኔት አስተዳደር ሕዝቡ ይወያይ» ተብሎ መሃል ከተማ ስብሰባ ሲጠራ፣ «የእርስዎም ድምፅ ይሰማ» ብዬ የወሰድኳቸው እኔ ነኝ።

እትዬ ተራቸው ሲደርስ በሲዳምኛ፣ «ኢንተርኔት ሲቋረጥ ቀድማችሁ ንገሩን፤ ዓሣው እጄ ላይ ይበላሻል» አሉ።

አስተርጓሚው ጓደኛዬ፣ «ስለ አገልግሎቱ አመስግነዋል» አለ። ተጨበጨበ። (ጭብጨባው አስተርጓሚ አላስፈለገውም።)

ተነስቼ «እንዲህ አላሉም!» ስል፣ «ሰዓት አልቋል» ተባልኩ።

ጓደኛዬን በር ላይ ያዝኩት። «ምን ታካብዳለህ?» ብሎኝ አለፈ።

እትዬ ነጠላቸውን አስተካከሉና፣ «አማርኛ የማልሰማ መሰለው? አንተም ሁለተኛ እንዳትጠራኝ» አሉኝ።

እናንተስ፣ «ሐሳብ ስጡ» ተብላችሁ የሰጣችሁት ሐሳብ ተለውጦባችሁ ያውቃል? እስኪ በራሳችሁ ቃል ጻፉልኝ።