ለሰድበሪ መንገድ የተሠራ ሞተር

ወንድሜ ሳህሉ ቅዳሜ፣ ማርች 2 ቀን 2024 ሲሞት ለልጁ ለኤልያና ይሠራው የነበረው ሞተር ቴስታታ፣ ማለትም የላይኛው ክዳን፣ ገና አልታሰረም ነበር። የታችኛው ክፍል ከነፒስቶኖቹ ተገጥሞ፣ ስካርቦሮ በሚሠራበት ጋራዥ ማቆሚያው ላይ ተቀምጧል፤ አቧራ እንዳይገባው ንጹሕ ጨርቅ አልብሶታል። ቱርቦው መደርደሪያ ላይ ነው። መኪናዋ ከጎኑ ቆማለች፤ ኮፈኗ ስለተዘጋ ለሚያያት ሙሉ ትመስላለች።

በቀብሩ ዕለት የተነበበውን የሕይወት ታሪክ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ የቤተ ክርስቲያናችንን መዝገብ የምይዘው እኔ ስለሆንኩ። አዲስ አበባ ተወለደ፤ ሶማሌ ተራ አጠገብ ካለ ጋራዥ ሙያ ተማረ፤ ቶሮንቶ መጣ፤ ባለቤቱን ውብአለምን በሕመም አጣ፤ አንድ ልጁን ክሬሰንት ታውን ሰፈር አሳደገ። ሁሉም ትክክል ነው፤ እያንዳንዱን ከሰነዱ ጋር አመሳክሬአለሁ። ነገር ግን የመጨረሻዎቹን የበረዶ ወራት ምን እያሰበ እንዳሳለፋቸው በዚያ ውስጥ የለም።

ኤልያና በነርስነት ተመርቃ፣ ከቶሮንቶ ወደ ሰሜን አራት ሰዓት ያህል የሚያስነዳው ሰድበሪ ከተማ ሥራ አገኘች። ኤፕሪል ላይ ልትጀምር ነበር። ሳህሉ ዜናውን ሲሰማ “በአውቶቡስ አትሄጂም” ብቻ አላት። ለዓመታት ጥግ ይዛ የቆመችውን አሮጌ የጃፓን መኪና አዲስ ሞተር ሊሠራላት ጀመረ። ቱርቦ እንዲኖረው የጠየቀችው እሷ ናት። እሺ አለ፤ ከዚያ አንድ ቁጥር ላይ ቆመ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፒስቶኑ የገባውን አየርና ቤንዚን ምን ያህል እንደሚጨምቀው የሚወሰነው ሞተሩ ሲገጣጠም በሚመረጠው ፒስቶን ነው፤ ሐሳብ የለወጠ ሰው ሁሉንም መልሶ ይፈታል። ቱርቦው ደግሞ አየሩን ገና ሲገባ በኃይል ይገፋዋል። ሁለቱ አንድ ላይ ከበዙ ቤንዚኑ ያለ ሰዓቱ ይቀጣጠላል፤ ሞተሩ ከውስጥ በመዶሻ የሚመታ ይመስላል፤ ፒስቶን ይሰበራል። ስለዚህ አንዱን ከፍ ያደረገ ሌላውን ዝቅ ማድረግ አለበት።

የጋራዡ ባልደረባው እዝራ ግን ምንም አልከበደውም። “ጭመቃውን ስምንት ተኩል ለአንድ አድርገው፤ ከዚያ በቱርቦው ሃያ ፒኤስአይ ግፋበት። አለቀ።”

“ትዌንቲ፣ አባዬ” አለች ኤልያና። “ኦንላይን ሁሉም ሰው ትዌንቲ ነው የሚለው።”

“ሁሉም ሰው ሰድበሪ ነው የሚኖረው?”

“ይሄ ሰውዬ ሚስት ሲያገባ እንኳ ይህን ያህል አላሰበም” አለኝ እዝራ።

“ያኔማ ያሰበችው ውብአለም ናት” አለ ሳህሉ፤ ፒስቶን ግን አላዘዘም። ጃንዋሪም ደረሰ።

ሳህሉ የሚፈራውን አውቅ ነበር። ቶሮንቶ እንደመጣ የሠራው የመጀመሪያው ቱርቦ መኪና የራሱ ነበር። እጁና ጆሮው የለመዱት አዲስ አበባን ነው። እዚያ ከፍታው አየሩን ስስ ስለሚያደርገው ሞተር ብዙ ቢጨመቅም ይችላል፤ የካንዴላውንም ብልጭታ ትንሽ ማስቀደም የተለመደ ነው። እሱም እንደለመደው አደረገ። እዚህ፣ ከሐይቁ ዳር፣ አየሩ ከባድ ነው፤ በብርድ ደግሞ ይብሳል። አንድ የፌብሩዋሪ እሑድ ከአምልኮ ሲመለሱ ዶን ቫሊ አውራ ጎዳና ላይ ሞተሩ ሁለት ሦስት ጊዜ ኳ ኳ አለና ጠፋ። ኤልያና የስምንት ወይም የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች፤ ከኋላ ተቀምጣለች። ማንም አልተጎዳም። ጎታች መኪና እስኪመጣ መንገድ ዳር ቆሙ። ከዚያ ወዲህ ቱርቦ አልሠራም።

እሷ ይህን ፍርሃቱን አታውቅም። ስለዚህ አንድ እሑድ ምሳ ይዤላቸው ጋራዥ ስገባ አኩርፋ አገኘኋት።

“አክስቴ፣ ንገሪው። እንድሄድ ስላልፈለገ ነው የሚያዘገየው።”

ሳህሉ እጁን በጨርቅ ጠረገ። ከዚያ፣ “ዶን ቫሊ ላይ የቆምን ጊዜ ትዝ ይልሻል?” አላት።

“ኦፍ ኮርስ።”

“ለዚያ ነው።”

ግራ ገብቷት አየችው፤ ከዚያ ሳቀች። “አባዬ፣ ጃኬትህን አልብሰኸኝ ለሚያልፉት ትራኮች ስም ስናወጣ ነበር። ትልቁን ቀዩን ‘ፓስተር’ አልከው፤ ድምፁ ስለማያልቅ። ሲርየስሊ፣ ከልጅነቴ እንደዚያ የምወደው ቀን የለም።”

“እኔ ትዝ የሚለኝ ፒስቶኑ ነው” አለ።

“ብርዱስ?”

“ብርዱም አይደለም። እጅሽ ጃኬቱ ውስጥ ጠፍቶ፣ አንቺ እየሳቅሽ፣ እኔ ምን እንዳደረግሁሽ አለማወቅሽ ነው።”

ኤልያና ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ ነው ሳህሉ በእውነት መጠየቅ የጀመረው። ሥራ በስንት ሰዓት ትገባለች? ወደ ሆስፒታሉ ዳገት አለው? ቤንዚን የምትሞላው ከየት ነው? የመጨረሻውን ስላላወቀች ቤት ለምታከራያት ሴትዮ እዚያው ኮል አደረገች። በአቅራቢያ ያለው ማደያ ከዘጠና አንድ በላይ አይሸጥም። ይህ ቁጥር ቤንዚኑ ያለ ሰዓቱ ሳይነድ ምን ያህል መጨመቅ እንደሚችል ይናገራል፤ እዝራ የሚያስበው ግን እዚህ ከተማ የሚገኘውን ዘጠና አራት ነበር።

ሳህሉ ተነሣ። “ዘጠኝ ለአንድ። ቱርቦው አሥር።”

“የሽማግሌ መኪና” አለ እዝራ።

“ሽማግሌ እስክትሆን እንድትነዳው ነው።”

“ስምንት ተኩል ብታደርገው ግፊቱን በኋላ ትጨምርላት ነበር እኮ።”

“ጠዋት በበረዶ ከትራፊክ መብራት ስትነሣ ቱርቦው ገና ተኝቷል። እስኪነቃ ድረስ የሚጎትታት ፒስቶኑ ነው። ደካማ ሞተር አልሰጣትም።”

“ትዌልቭ?” አለች ኤልያና።

“አሥር። አንድ ዊንተር እዚያ አሳልፊና ስለ አሥራ ሁለት እናወራለን።”

“ፕሮሚስ?”

“ፕሮሚስ።”

ፒስቶኖቹን በማግሥቱ አዘዘ። ሲደርሱ አንድ በአንድ መዘናቸው፤ ትርፍ ያለበትን በእጁ ሞርዶ እኩል አደረጋቸው። ከእኔ ጋር በስልክ ሲያወራ ድምፁ ተለውጦ ነበር፤ ስለ ሞተር ማውራት ትቶ ሰድበሪ ውስጥ በአማርኛ የሚያመልኩ ይኖሩ እንደሆነ እንዳጣራለት ጠየቀኝ። በፌብሩዋሪ መጨረሻ ታችኛውን ክፍል ጨረሰ። በመሀል የሚገባው ጓርኒሲዮንም ቴስታታውም ተዘጋጅተዋል፤ ሊያስረውም ይችል ነበር። ኤልያና ግን “የማሰሪያ ቁልፉን እኔ ነኝ የምይዘው” ስላለች እሑድን ጠበቀ። ከአምልኮ በኋላ አብረው ሊያስሩት ነበር።

ያን እሑድ ቤታችን ለቅሶ በመጣ ሰው ተሞላ።

ኤልያና ሥራ የምትጀምርበትን ቀን ወደ ሜይ አስተላልፋለች። ቴስታታውን እሷና እዝራ ያስሩታል። እዝራ ስለ ሃያ ከዚያ ወዲህ አንሥቶ አያውቅም። ትናንት ጋራዥ ሄጄ ሳለ ኤልያና ጨርቁን ገልጣ ፒስቶኖቹን ታይ ነበር። “አሥር” አለችኝ፤ ምንም አልጠየቅኋትም። ስለ አሥራ ሁለት ከማን ጋር እንደምታወራ አላውቅም።

የሞተበትን ቅዳሜ ውሎ የነገረኝ እዝራ ነው፤ ሁለት ጊዜ ጠይቄ ሁለቱንም ጊዜ አንድ ዓይነት ስለመለሰልኝ እጽፈዋለሁ። ሳህሉ ጠዋት ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ካለ የመለዋወጫ መደብር ጎራ ብሎ ለበረዶ የሚሆን የዝናብ መጥረጊያና አንድ ጋሎን ሰማያዊ የመስታወት ማጠቢያ ውሃ ገዛ። ጋራዥ የመጣው ለዚያ ብቻ ነው፤ ቤት ገብቶ ወንበሩ ላይ ያረፈው ከዚያ በኋላ ነው።

“ሞተር ሳይኖራት መስታወት ልትጠርግ ነው?” አለው እዝራ።

“ሰድበሪ መንገድ ላይ ለበረዶው ጨው ይረጫል፤ መስታወት ያደበዝዛል” አለ ሳህሉ።

አሮጌዎቹን መጥረጊያዎች አውልቆ አዲሶቹን ገጠመ። በጣቱ ጫን እያለ መያዛቸውን አረጋገጠ። ከዚያ ኮፈኑን ከፈተና፣ ባዶው የሞተር ቦታ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ የመስታወት ውሃ መያዣውን በሰማያዊው ውሃ፣ ጠብታ ሳያፈስ፣ እስከ አፉ ሞላው፤ ክዳኑን አጥብቆ ኮፈኑን ዘጋ።