የወረቀት አባት

ዴሊያ እኛ ቁርስ ቤት አስተናጋጅ ሆና ስትቀጠር ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ጎረቤት ግዛት ነብራስካ እናቷን ቀብራ፣ አንድ ሻንጣ ይዛ ነው ወደ ኮሎራዶ የመጣችው። እኔ ቨርና እባላለሁ፤ የቤቱ ወጥ ሠሪ ነኝ፤ ቤቴ ፎቅ ላይ ያለችውን ክፍልም ያከራየኋት እኔው ነኝ። ስለዚህ የማወራው ከሰው ሰምቼ አይደለም።

ልጅቷ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ነርስ መሆን። እናቷን ሁለት ዓመት ያስታመመች ልጅ ነርስነቱን ግማሹን ተምራዋለች። እዚህ ከተማችን ያለው ዩኒቨርሲቲም ተቀበላት። ችግሩ ክፍያው ነው። ከሌላ ግዛት የመጣ ተማሪ የኮሎራዶ ነዋሪ የሚከፍለውን ሦስት እጥፍ ይከፍላል። ነዋሪ ለመባል ደግሞ አንድ ዓመት ሙሉ እዚህ መኖር፣ ራስን ችሎ ማደር፣ ያንንም በማስረጃ ማሳየት ግድ ነው።

እሷ ምን ጎደላት! መንጃ ፈቃዷን ቀየረች፣ የመኪናዋን ሰሌዳ ቀየረች፣ የምርጫ ካርድ አወጣች፣ ግብሯንም እዚሁ ከፈለች። የገና በዓል ሲደርስ "ሄደሽ የእናትሽን መቃብር አይተሽ ነይ እንጂ" ብላት፣ "አንቺ ቨርና፣ ተይኝ! ከግዛቱ ወጥታ ነበር ቢሉኝስ?" አለችኝ። ሳትሄድ ቀረች።

መጋቢት ላይ ዓመቱ ሞላና የኪራዩ ምስክር ሆኜ አብሬያት ዩኒቨርሲቲው መዝገብ ቤት ሄድኩ። ጸሐፊዋ ፋይሉን ገልብጣ ገልብጣ፣ "ሁሉም ልክ ነው" አለች። "ግን አባትሽ ነብራስካ ሆነው እየረዱሽ ነው።"

"የትኛው አባቴ?" አለች ዴሊያ።

ጉድ እኮ ነው! ልጅ አሳድጋለሁ ያለ ሰው ግብር ይቀነስለታል። ስምንት ዓመቷ ላይ ጥሏት የሄደው፣ ካልሲ እንኳ ገዝቶላት የማያውቀው አባቷ ዱዌይን፣ የማሳድጋት ልጅ ብሎ ስሟን በግብር ወረቀቱ ላይ ሞልቶ ኖሯል። እኔ ደሜ ፈላ። ጸሐፊዋ ግን ክፉ ሰው አይደለችም፤ "ተሳስቼ ነው፣ አልረዳኋትም ብለው ከፈረሙ ይስተካከላል። እስከ ዓርብ ብቻ ነው ታዲያ" አለች።

ቁርስ ቤቱ ተመልሰን፣ ወጥ ቤት ገብተን ለአባቷ ደወለች። ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጋ ከሽንኩርቱ አጠገብ አስቀመጠችው።

"አባዬ፣ ዴሊያ ነኝ።"

"የትኛዋ... ውይ፣ ልጄ! ምነው፣ ደህና ነሽ?"

ሁሉንም ነገረችው።

"እና ልጄን አልረዳሁም ብዬ ልፈርም? ሰው ምን ይለኛል? ደግሞ ያቺን ገንዘብ እኮ ለመኪናዬ ጎማ ገዝቼባታለሁ። መልስ ቢሉኝ ከየት አመጣለሁ?"

"ረድተኸኝ ታውቃለህ ግን?"

"በልቤ ተለይቼሽ አላውቅም።"

ቢላውን አስቀመጥኩና፣ "በልብህ ብታበላት አልጠገበችም!" ብዬ ጮህኩበት።

"ማናት እሷ?"

"ወጥ ሠሪዋ ናት" አለች ዴሊያ። "እሺ አባዬ፣ አባቴ ነህ እንበል። ልደቴ መቼ ነው?"

"ቆይ፣ ወረቀቱ ላይ አለ" አለ። መሳቢያ ሲከፈት ሰማን።

ስልኩን ዘጋችው። አላለቀሰችም፤ ሁለት ሳህን እንቁላል አንስታ ወደ ደንበኞቹ ወጣች። እኔ ግን አለቀስኩ፤ ሽንኩርቱ ነው አልልም። ያልወለደ አንጀት ጨካኝ ነው ይላሉ፤ የወለደውን አየነው!

አፍታም ሳይቆይ ስልኩ ጮኸ። እኔ አነሳሁት።

"መጋቢት አሥራ ዘጠኝ!" አለ፣ በደስታ። "አገኘሁት! መጋቢት አሥራ ዘጠኝ ነው!"

"ካለፈ አራት ቀን ሆነው" አልኩት። "ፈርምላት።"

"እሱንስ አልችልም" አለ። "ግን እንኳን ተወለድሽ ብሏል በይልኝ።"

አልነገርኳትም። ዓርብ አለፈ፤ ሦስት እጥፉን መክፈል ስላልቻለች የትምህርት ቦታዋንም ለሌላ ልጅ ሰጡት።