በጎተራው በኩል ያለው ጎል

ኤልቢዮ ጋራሲኖ ሥጋ ለመግዛት የሚወጣው ከምሳ በኋላ፣ ትንሿ ከተማ ሎማ ሴካ በሙቀት ተሸንፋ መስኮቷን ዘግታ ስትተኛ ነበር። ሰው ላለማግኘት ነው። ባለሥጋ ቤቱ ኦሬስቴ ግን አይተኛም። የከተማዋ እግር ኳስ ክለብ ፕሬዚዳንት ከሆነ ወዲህ ከእንቅልፍ ጋር ተኳርፏል።

«አንድ ኪሎ የጎድን ሥጋ» አለ ኤልቢዮ።

ኦሬስቴ ቢላውን ይስል ነበር። «እሁድ ለማን ልትሮጥበት ነው? ለኛ ነው ለእንግዶቹ?»

«ለእናቴ ነው ዶን ኦሬስቴ።»

«ለዶኛ ኤርሚንዳ ከሆነ ጥሩውን እቆርጣለሁ። ላንተ ቢሆን አጥንቱን ነበር።»

ኤልቢዮ ፈገግ አለ። ወደ ትውልድ ከተማው ከተመለሰ ወራት አልፈዋል፤ ማሊያቸውን ለብሶ ይጫወታል፤ አሁንም ሥጋ የሚገዛው እንዲህ እየተወጋ ነው። ቢቆጣ ደስ ባለው ነበር። ለመቆጣት ግን መብት ያስፈልጋል።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። በሎማ ሴካ ግን የወጋውም አልረሳም።

ነገሩ የሚጀምረው ከአባትየው ነው። ኔልዶ ጋራሲኖ በእህል ጎተራው ሚዛን ላይ የሚሠራ፣ ቃል የማያበዛ ሰው ነበር። እሁድ የከተማዋ ክለብ ስፖርቲቮ ሎማ ሴካ ሲጫወት ግን ድምፁ ባቡር ጣቢያው ድረስ ይሰማል። ልጁን ኳስ ያስተማረው በዚያው ሜዳ ነው። ልጁ አሥራ ሰባት ሳይሞላው ለትልቁ ቡድን ተሰለፈ፣ ብዙም ሳይቆይ ሮሳሪዮ ያለ ክለብ ወሰደው። አባትየው ሲሞት ኑዛዜው አንድ ብቻ ነበር፦ አስከሬኔ ይቃጠል፣ አመዴ በጎተራው በኩል ባለው ጎል ፊት ይበተን። በዚያ አገር እንዲህ ብሎ የሚናዘዝ ብዙ ነው፤ ማንንም አልገረመውም።

በቀብር ፈንታ ሰው ሁሉ ሜዳ ወጣ። የክለቡ ከበሮ መቺዎች ከበሯቸውን በጥቁር ጨርቅ ሸፍነው መጡ። እናቱ ኤርሚንዳ የአመዱን ማሰሮ ለልጇ ሰጠችው፤ እሷ ግን ከሜዳው መስመር አላለፈችም። ኤልቢዮ አመዱን ከሁለቱ ቋሚዎች ፊት በተነው። ድንገት ነፋስ ተነሣና እፍኝ የሚያህለውን ኦሬስቴ ፊት ላይ ደፋው። ኦሬስቴ አፉን እየጠረገ፣ «ኔልዶ ሞቶም ጥብስ ጥብስ ይሸታል» አለ። ሰው እያለቀሰ ሳቀ። ኔልዶ ጥብስ ነፍሱ ነበርና ማንም ነገሩን አላሰበበትም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ኤልቢዮ ለጎረቤት ከተማ ክለብ በውሰት ተሰጠ። የውድድሩ የመጨረሻ ቀን ያ ክለብ ሎማ ሴካ መጣ። ስፖርቲቮ አቻ ከወጣ ይተርፋል፤ ከተሸነፈ ከአገር አቀፉ ሊግ ይወርዳል። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል፣ በጎተራው በኩል፣ ኳሷ ከበረኛው እጅ ተፈናጥራ ኤልቢዮ እግር ሥር ወደቀች። አላሰበም። አጥቂ እዚያ ቦታ ላይ ካሰበ አጥቂ አይደለም። አባቱን የበተነበት ሣር ላይ ቆሞ መታት፣ ገባች።

በአሳደገው ክለብ ላይ ጎል ያገባ ተጫዋች ሁለት እጁን ወደ ደጋፊው አንሥቶ ይቅርታ ይጠይቃል። ደንብ ነው፤ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ኤልቢዮ አላደረገውም። ፊቱን ወደ ጎሉ አዙሮ ተንበረከከ፣ መዳፉን ሣሩ ላይ አድርጎ «አባዬ ማረኝ» አለ። ሲነሣ ቀኝ እግሩን አንድ ነገር ያዘው። የሣር ሥር አይደለም፣ ጭቃም አይደለም። ቁርጭምጭሚቱን እንደ እጅ ጨበጠው፣ ከዚያ ለቀቀው።

ክለቡ ወረደ። እንግዳ ደጋፊ የሚያመጡት የእሁድ አውቶቡሶች መምጣታቸውን አቆሙ፣ ደህና ደህናዎቹ ተጫዋቾች ሄዱ፣ የክለቡ መጠጥ ቤት በሥራ ቀን መዘጋት ጀመረ። ኤልቢዮም ሄደ።

ቺሊ ሄደ፣ ከዚያ ኢኳዶር፣ ከዚያ ቆጵሮስ፣ ከዚያ ሆንዱራስ፣ ከዚያ ኩዌት። ልብሱን አውጥቶ ሳይሰቅል ሌላ አገር ስለሚገኝ «ሻንጣው» የሚል ስም ወጣለት። ጎል ያገባል፤ ግን ከሩቅ ብቻ ነው። ኢኳዶር ውስጥ ጋዜጠኞች ልዩ ስልት ነው ብለው አደነቁት። እውነቱን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። የትም አገር ይሁን፣ ከበረኛው ፊት ወዳለችው ትንሿ ክልል ሲጠጋ ያ እጅ ቁርጭምጭሚቱን ይይዘዋል። ቆጵሮስ ላይ ባዶ ጎል ፊት ቆሞ ኳሷ በአጠገቡ ስታልፍ እያያት ቀረ። አሠልጣኙ በግሪክኛ ሰደበው፤ ኤልቢዮ ቃሉን ባያውቀውም ትርጉሙ አልጠፋውም። ኩዌት ላይ ደግሞ ሣሩ ሰው ሠራሽ፣ ከሥሩ ላስቲክና ሲሚንቶ ነበር። «እዚህማ ማንም አልተበተነም» ብሎ ደፍሮ ገባ። እዚያም ያዘው።

ከጨዋታ በኋላ ካልሲውን አውልቆ ቁርጭምጭሚቱን ያገላብጣል። ምንም የለበትም። ይህን ለማንም አልተናገረም። ቆጵሮስ ላይ አብራው የነበረች ሴት፣ «አንተ እቤት ውስጥም ደጃፍ ላይ ነው የምትቆመው» ብላው ሄደች። እናቱ ስትደውል «ደህና ነኝ እማዬ፣ እግሬም ደህና ነው» ይላታል። ስለ እግሩ ግን የጠየቀው ሰው አልነበረም።

ሠላሳ ሰባት ዓመት ሲሞላው የሚፈልገው ክለብ ጠፋ። ያኔ ነው ኦሬስቴ የደወለለት።

«አጥቂ የለንም» አለው። «አንተን ማየት የሚፈልግ ሰውም የለም። ግን አጥቂ የለንም።»

ኤልቢዮ ወዲያው እሺ አለ። ክለቡን ያወረደው እሱ ነው፤ መልሶ ቢያወጣው አባቱ እግሩን ይለቀው እንደሆነ ብሎ ነው። ዓመቱን ሙሉ ከሩቅ እየመታ ጎል አገባ፤ ወደ ጎተራው በኩል ግን አንድም ቀን አልተጠጋም። አሁን የቀረችው አንድ ጨዋታ ናት። እሁድ ካሸነፉ ስፖርቲቮ ወደነበረበት ሊግ ይመለሳል።

የዚያን ዕለት ሥጋውን ይዞ ቤት ሲገባ እናቱ ማቴ የሚባለውን የቅጠል መጠጥ አዘጋጅታ ጠበቀችው። ቅጠሉ ላይ ሙቅ ውሃ ጨምራ ቅሉን አቀበለችው። በብረት መምጠጫው አንዴ ሳብ አደረገና አስቀመጠው።

«እሁድ አልሰለፍም እማዬ። ለኦሬስቴ ልነግረው ነበር፣ አፌ አልታዘዝ አለኝ።»

«አሞህ ነው?»

«አላመመኝም።»

«ታዲያ ምን ሆነህ ነው? ከተማው እኮ ከዚህ እሁድ ወዲያ ሌላ ወሬ የለውም።»

ያኔ ነገራት። እግሩን ስለሚይዘው እጅ፣ ስለ ቆጵሮሱ ባዶ ጎል፣ ስለ ኩዌቱ ላስቲክ ሣር ሁሉንም ነገራት። «አባዬ ነው» አለ። «እሱ ላይ ቆሜ ክለቡን ገደልኩበት። እስካሁን አልለቀቀኝም። እሁድ ወደዚያ ጎል ብጠጋ ደርቄ እቀራለሁ፣ ሰዉ ደግሞ አሁንም ሆን ብሎ ነው ይለኛል።»

እናቱ ስትሰማው ፊቷ ቀስ እያለ ቀላ። ተነሥታ ከቁምሳጥኑ ላይኛው መደርደሪያ፣ ከዱቄቱ ጀርባ፣ ዝገት የጀመረው የብስኩት ቆርቆሮ አወረደችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ምንድን ነው?»

«አባትህ ነው።»

ኤልቢዮ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

«እኔ የበተንኩትስ?»

«ከጓሮው የጥብስ ምድጃ ያፈስኩት ነው። እንጨቱ ጥሩ ነበር፣ አመዱ ነጭ ነው።»

«እማዬ፣ ምን እያልሽ ነው?»

«ምን ላድርግ? ሠላሳ ዓመት ሙሉ እሁዴን ወሰዱብኝ። ልደቴ እሁድ ሲውል እሱ ሜዳ ነው። አንተን ሳምጥ እሱ ሜዳ ነው፣ ጎረቤት ነው ሐኪም ቤት ያደረሰኝ። ሞቶም ልስጣቸው? ‹ከእንግዲህ እሁድ እሁድ እቤትህ ትውላታለህ› አልኩትና አስቀመጥኩት። ኑዛዜውን አፈረስኩ፣ አውቃለሁ። እኔን ይወቅሰኛል፤ ብቻዬን ስሆን ቆርቆሮው ኳ ሲል እሰማዋለሁ። አንተን ግን አልያዘህም። አባትህ ከዚህ ቁምሳጥን ወጥቶ አያውቅም።»

ኤልቢዮ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ያን ሁሉ ዓመት፣ በስንቱ አገር ሜዳ፣ የምድጃ አመድ ፈርቶ ኖሯል። ኦሬስቴ ጥብስ ጥብስ ይሸታል ያለው እውነቱን ነበር። ከዚያ ሳቁ ቆመ።

«እና እግሬን የሚይዘኝ ማነው?»

እናቱ የቆርቆሮውን ክዳን በመዳፏ ጠረገች። «እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ። የማውቀውን ልንገርህ? ያን ቀን አባትህ አላየህም። ያየንህ እኛ ነን። አንተን ለማየት ብዬ መጥቼ ነበር። ሰው በጎሉ አይደለም የተቀየመህ፣ ጎል ማግባት እንጀራህ ነው። ለሣሩ ስትንበረከክ ጀርባህን የሰጠኸው ለኛ ነው። አንድ ጊዜ ዞር ብለህ ብታየን ምን ነበረበት?»

ኤልቢዮ ቅሉን አንሥቶ የቀዘቀዘውን ማቴ ጨረሰው።

እሁድ ሜዳው ሞላ። አጥሩ ላይ ሳይቀር ሰው ተንጠልጥሏል። የመጀመሪያው ግማሽ ያለ ጎል አለቀ። በሁለተኛው ስፖርቲቮ ወደ ጎተራው በኩል ማጥቃት ጀመረ። ኤልቢዮ እንደ ልማዱ ከሩቅ መታ፤ አንዷ ከአግዳሚው በላይ ሄደች፣ አንዷን በረኛው ያዛት።

«ጠጋ በል እንጂ፣ አይበላህም» አለ ከአጥሩ ጀርባ አንድ ሽማግሌ።

«እኛ ላይ ሲሆን ነው የሚደፍረው» አለ ሌላው።

የማዕዘን ምት ተገኘ። ኳሷ ከራስ ራስ ተጋጭታ ጎሉ አፍ ላይ ወደቀች፣ ያኔ የወደቀችበት ቦታ። ኤልቢዮ ሮጠ። የትንሿን ክልል መስመር ሲያልፍ ያ ነገር ቁርጭምጭሚቱን ያዘው። የምድጃ አመድ መሆኑን ያውቃል፤ ቢያውቅም ያዘው፣ እንዲያውም ከበፊቱ አጠንክሮ። ፈራ። ግን አልቆመም። የያዘውን ነገር እየጎተተ ሄዶ፣ እየወደቀ፣ በግራ እግሩ ጫፍ ነካት። ገባች።

ጓደኞቹ ሊያቅፉት ሲሮጡ ተነሥቶ በክንዱ ከለከላቸው። ፊቱን ወደ ደጋፊው አዞረ፣ ሁለት እጁን አነሣና ቆመ። ለገዛ ክለቡ ጎል አግብቶ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ማንም አይቶ አያውቅም። ጩኸቱ ከአንድ ጥግ ጀምሮ እየከሰመ መጣ። ከበሮዎቹም ቆሙ። ስለ የትኛው ጎል እንደሆነ ሰው ሁሉ ገባው።

ኦሬስቴ አጥሩን በሁለት እጁ ጨብጦ ነበር፤ ፊቱ ርሷል። «አውርድ እጅህን አንተ ሻንጣ» አለ። «ይደክምሃል።»

ኤልቢዮ አላወረደም። እናቱን በዓይኑ ይፈልግ ነበር። ሰው ሁሉ ቆሞ እሷ ብቻ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ አገኛት። የገበያ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ አፉን ወደ ጎሉ ከፍታዋለች፤ ከውስጡ የብስኩቱ ቆርቆሮ ይታያል፣ ክዳኑ ተነሥቷል።

ያኔ እጁን አወረደ። እናቱ ለባሏ እሁዱን መልሳለታለች።