የይገዙ ጸጥ ያሉ ቦታዎች

ይገዙ ታክሲ ነጂ ነው። እኔ በቅርብ ያወቅሁት በተናኘ በኩል ነው። ተናኘ ከእኔ ጋር በአንድ አፓርትመንት የምትኖር፣ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ውስጥም አብራኝ የምትሠራ ጓደኛዬ ናት። የማኅበራችን ሰዎች ስለ ይገዙ ጻፊ ሲሉኝ እንዴት አድርጌ ብዬ ነበር። ግን ያን ቀን መኪናው ውስጥ ከኋላ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ ሌላ ያየ ሰው የለም። ስለዚህ ያየሁትን ያህል እጽፋለሁ።

አትላንታ ጫጫታ የበዛባት ከተማ ናት። ሃይዌዩ አይተኛም፣ መሀል ከተማው ሁልጊዜ ወይ ይፈርሳል ወይ ይሠራል። ሌሎቹ ታክሲ ነጂዎች ጫጫታውን ይወዱታል፣ ሰው ያለበት ሥራ አለ ብለው። ይገዙ መንገደኛውን ካደረሰ በኋላ ኤርፖርት ሄዶ ከመሰለፍ ይልቅ፣ ሰው የሌለበት ቦታ ፈልጎ ፓርክ ያደርጋል። ሱዳን ካምፕ ውስጥ ከብዙ ሰው ጋር በአንድ ድንኳን ስለኖረ ነው የሚሉ አሉ። እኔ ብጠይቀው፣ «እንዲሁ ነው፤ ጆሮዬን ላሳርፍ ብዬ ነው» አለኝ። ጓደኞቹ ይቀልዱበታል። «የይገዙ ደንበኛ ዛፍ ነው፤ ዛፍ ደግሞ ቲፕ አይሰጥም» ይሉታል።

እንዲህ እያለ ማንም የማያውቃቸውን ቦታዎች አወቀ። ብሩክሄቨን በሚባለው ሰፈር ከቤቶቹ ጀርባ ትንሽ ወንዝ አለች። ድልድዩ ሥር ሰፊ አሸዋ አለ፤ መኪናው በላይ ያልፋል፣ ታች የሚሰማው ግን ውኃው ብቻ ነው። ዲኬተር የድሮው መቃብር ቦታ አለ። ፊት ለፊቱን ሰው ሁሉ ያየዋል፤ ቁልቁለቱን ወርዶ ከጀርባ ወዳለው ጥላ የሚደርስ ግን የለም። ቻምብሊ ደግሞ የትንንሾቹ አውሮፕላኖች ማረፊያ አጥር ጥግ አለ። የዚያ ጸጥታ ለየት ያለ ነው። አውሮፕላኑ ሲነሣ የፈለግሽውን ብትጮኺ አጠገብሽ ያለው ሰው አይሰማሽም፤ ካለፈ በኋላ ደግሞ ሣሩ ሲንቀሳቀስ ይሰማሻል።

እነዚህ ቦታዎች ለሌላ ነገር የተፈለጉት በኤልፍነሽ ምክንያት ነው። ኤልፍነሽ አሮጊቶች የምትንከባከብ የእኛው ሰው ናት፤ ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ ነው የምትኖረው። ወንድሟ አገር ቤት ሞተ። መርዶ እንደ ደንቡ በጠዋት ስለሆነ፣ ሽማግሌዎቹ እሁድ ማልደው ቤቷ ሄደው አረዷት። ኤልፍነሽ ጮኸች፣ እኛም አብረን ጮኽን። ፈረንጆቹ ጎረቤቶች ሰው እየታረደ ነው ብለው ፖሊስ ጠሩ። ሁለት ፖሊሶች እጃቸውን ሽጉጣቸው ላይ አድርገው ገቡ።

አቶ ነጋሽ የማኅበራችን ሽማግሌ ናቸው። እንግሊዝኛ ከእኛ ይሻላሉ ተብሎ እሳቸው ወደ ፊት ተገፉ።

«ብራዘር፣ ዴድ» አሉ፣ ኤልፍነሽን እያሳዩ።

ፖሊሱ፣ «ሬሳው የት ነው?» አለ።

«አዲስ አበባ።»

ፖሊሱ አላመነም መሰለኝ፣ መታጠቢያ ቤቱን ከፍቶ አየ። የአፓርትመንቱ ማኔጀር ደግሞ በማግሥቱ ኤልፍነሽን ሁለተኛ እንዲህ ያለ ጩኸት ከሰማሁ ቤቱን ትለቂያለሽ አላት።

ከዚያ በኋላ ማንም ቤቱ ውስጥ መርዶ እንዲነገር አልፈለገም። ሌላ ሰው ሞቶ መርዶ የሚነገረው ሲመጣ፣ አቶ ነጋሽ ይገዙን ከቅዳሴ በኋላ ጠሩት።

«አንተ ሰው የሌለበት ቦታ ታውቃለህ ይሉሃል። እስቲ አንዱን ስጠን።»

«ለምን ነበር?»

«ለማልቀሻ ነዋ።»

ይገዙ ትንሽ አሰበና፣ «ሰውየው ራሱን ይጥላል?» አለ።

«ይጥላል። የሞቱት አባቱ ናቸው።»

«እንግዲያው አሸዋው ይሻላል፤ አይጎዳም» አላቸው።

እንዲህ ተጀመረ። ከዚያ ወዲያ መርዶ በመጣ ቁጥር ይገዙ ነው የሚወስደው። ራሱን የሚጥለውን አሸዋው ጋ፣ አሮጊቶችን ጥላ ስላለ ዲኬተር፣ ድምፀ ትልቁን አውሮፕላኑ ጋ ይወስዳል። አስቀድሞ አይነግርም። «ጸጥ ያለ ቦታ ላሳይህ» ብሎ ነው የሚያስነሣው። ሽማግሌዎቹ በሌላ መኪና ቀድመው ሄደው እዚያ ይጠብቃሉ። በመንገድ ላይ ሰው ሞተ እንዴ ብለው ከጠየቁት፣ «ኧረ ማንም አልሞተም» ይላል፤ መኪና ውስጥ መርዶ አይነገርማ። መኪናው ውስጥ ሶፍትና ውኃ አይጠፋም። ሰው ሲያለቅስ እሱ አያለቅስም፣ መኪናውን ተደግፎ ይቆማል። ሲጨርሱ ወደ ቤታቸው ይመልሳቸዋል፤ ጉዞው ረጅም ቢሆንም ሒሳብ የሚቆጥረውን ሜትር አያበራም።

ይኼን ሁሉ ሲያደርግ ግን ሰው ፈራው። ክርስትና ሲጠራሩ እሱን ይዘሉታል። ቤተ ክርስቲያን ብለን በተከራየናት አዳራሽ ውስጥ አጠገቡ ያለው ወንበር ባዶ ነው የሚውለው። አንድ ጊዜ ሽፈራው የሚባል የማኅበራችን ሰው የረሳውን ጃንጥላ ታክሲው ውስጥ አግኝቶ ሊመልስ ቢሄድ፣ የሽፈራው ሚስት በሩን ከፍታ ስታየው እዚያው ተዝለፈለፈች። ጃንጥላውን ደረጃው ላይ አስቀምጦ ተመለሰ።

ከተናኘ ጋር የተዋወቁት አውቶቡስ አምልጦን ሆቴል ድረስ ያደረሰን ቀን ነው። ተናኘ አፏ ስል ነው፤ እሱ ዝምተኛ። እሷ ስታወራ እሱ መሪውን ይዞ ይስቃል፣ ድምፅ ሳያሰማ፣ ትከሻው ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። ከዚያ በኋላ የሥራ ፈረቃችን ሲያልቅ በር ላይ ቆሞ እናገኘዋለን። «በዚህ ሳልፍ ነው» ይላል። ተናኘም፣ «በዚህ ማለፍ ከጀመርክ ስንት ጊዜህ፤ መንገዱ አላለቀልህም?» ትለዋለች።

አንድ ለማንም ያላሳየው ቦታ ነበረው። ቻምብሊ፣ አዲስ ከተከፈተው ባቡር ጣቢያ አልፎ፣ ከመጋዘኖቹ ጀርባ ያለ ትንሽ ኩሬ ነው። ዳክዬዎች አሉበት፣ ዳሩ ላይ አንድ የወደቀ ግንድ አለ። አቶ ነጋሽ ሌላ ቦታ የለህም ወይ ሲሉት፣ የለኝም ይላቸው ነበር። እዚያ ማንም እንዲያለቅስበት አልፈለገም። ተናኘን አግቢኝ ብሎ ሊጠይቃት ያሰበው እዚያ ነው። ይኼን ሁሉ እኔ የሰማሁት በኋላ ነው፤ ያኔ ባውቅ ኖሮ ለእሷ እነግራት ነበር።

ከፋሲካ ሳምንት በኋላ ባለው እሁድ፣ ከቅዳሴ ስንወጣ መጥቶ ተናኘ ፊት ቆመ። ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሷል። ጺሙን ተላጭቷል።

«ጸጥ ያለ ቦታ ላሳይሽ» አላት።

ተናኘ ፊቷ ተለወጠ። እናቷ ደብረ ብርሃን ናቸው፣ ክረምቱን አሟቸው ነበር። እጄን ያዘችኝ።

«ገበያነሽ፣ አብረሽኝ ነይ» አለችኝ።

ይገዙ እኔን ሲያይ ትንሽ ደነገጠ። ግን የኋላውን በር ከፈተልኝ። እኔ ያንን ያየሁት እንደ ማረጋገጫ ነው፤ ደጋፊ ሰው መኖሩ ጥሩ ነው ያለ መሰለኝ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለበስኩ።

ቡፎርድ ሃይዌይን አለፍን። ተናኘ የሶፍቱን ካርቶን አየች፣ ወደ እሱ አየች፣ እንደገና ሶፍቱን አየች።

«ማን ነው?» አለች።

«ምኑ?»

«ማን ነው የሞተው?»

«ኧረ ማንም አልሞተም።»

ተናኘ ያን ስትሰማ ጭንቅላቷን ይዛ ጮኸች። «እናቴን! እማዬን ነው! ወይኔ እማዬ!» እኔም ጀመርኩ። ነገሩን መመርመር ይገባኝ ነበር፣ ግን ሰው አጠገብሽ ሲያለቅስ ዝም አይባልም።

«በሚካኤል! በሚካኤል ማንም አልሞተም!» ይላል ይገዙ። «ሁሉንም እንደዚህ ነው የምትላቸው!» ትለዋለች። መሪውን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ሶፍት አቀበላት። ያ ደግሞ አባሰው።

ኩሬው ጋ ስንደርስ ተናኘ በሩን ከፍታ ወጣችና ሣሩ ላይ ወደቀች። ዳክዬዎቹ ሁሉ ተነሡ። እኔ ሽማግሌዎቹን ፈለግሁ፣ የሉም። እንዴት ብቻውን ያረዳታል ብዬ ተናደድኩ።

ይገዙ አጠገቧ ተንበረከከ። «ተናኘ፣ ስሚኝ። እኔ ያመጣሁሽ ላገባሽ ስለፈለግሁ ነው።»

«እናቴ ሞታ አንተ ሰርግ ታወራለህ?»

«አልሞቱም እኮ!»

«ሊያጽናናኝ ነው» አለችኝ ወደ እኔ ዞራ፣ እያለቀሰች። «አሳዘንኩት፤ ሰው የላትም ብሎ እኮ ነው።»

የሚያሳምናት ነገር ጠፋ። በመጨረሻ እኔ ስልክ እንደውል አልኩ። ይገዙም፣ «አዎ ስልክ! ስልክ ይሻላል» ብሎ ሮጦ መኪናውን አስነሣ።

ቤታችን ስልኩ ኩሽና ግድግዳው ላይ ነው። ተናኘ አዲስ አበባ ያለችው አክስቷ መዓዛ ቤት ደወለች። መስመሩ ሁለት ሦስቴ እምቢ አለ፣ ከዚያ ተነሣ። እኔ ጆሮዬን አስጠግቼ ነበር። መዓዛ፣ «እናትሽማ ምን ትሆናለች፤ ለበዓል መጥታ እዚሁ ናት» አለች። እናትየው ራሳቸው ስልኩን ያዙት። ተናኘ ድምፃቸውን ስትሰማ እንደገና ማልቀስ ጀመረች።

«ምነው? ምን ሆንሽ? ማን ሞተ?» አሉ።

«ማንም አልሞተም፣ እማዬ።»

«ወይኔ ልጄን! ትደብቂኛለሽ! መዓዛ፣ ነይ፣ እዚያ ማዶ ሰው ሞቷል!»

«ኧረ ማንም አልሞተም ስልሽ!»

ከዚያም የመዓዛ ጩኸት ተጨመረ። ተናኘ ብትምል አልሰማ አሏት። ያኔ ወደ ግድግዳው ዞረችና፣ «ሰው ላግባሽ ብሎኝ ነው!» አለች።

እዚያ ማዶ ጸጥ አለ።

«ታዲያ ይኼ ያስለቅሳል?» አሉ እናትየው። «መልኩ ክፉ ነው?»

«አይ፣ ደህና ነው።»

«አጠገብሽ ነው? አቅርቢው።»

ይገዙ ስልኩን በሁለት እጁ ያዘ። «ጤና ይስጥልኝ፣ እማማ» አለ። «ድምፅህ አይሰማም!» አሉት። እንደገና አለ። «አይሰማም! ማነህ?» ያ ሰውዬ ጮክ ብሎ ሲናገር እኔ ሰምቼው አላውቅም። ዓይኑን ጨፈነና፣ «ይገዙ ነኝ! ተናኘን ማግባት እፈልጋለሁ! ሰው አልሞተም!» ብሎ ጮኸ። ምን እንደመለሱለት አልሰማሁም፤ እሱ ብቻ፣ «አሜን፣ አሜን» ይል ነበር። መስመሩ ተቋረጠ።

ተናኘ ፊቷን ታጥባ መጥታ ወንበር ላይ ተቀመጠች። እሱ እንደቆመ ነው። ጉልበቱ ላይ የሣር እድፍ አለ።

«መርዶውን ተወው ልትይኝ ነው?» አላት።

«እኔ ለምን እላለሁ? አንተ ብትተው ማን ይወስዳቸዋል? ሰው ቤት ስትሄድ ግን ገና ከደረጃው ጀምረህ ሰላም ነው እያልክ ግባ። ለመርዶ ካልሆነ።»

«ጮክ ብዬ?»

«ለእማዬ እንደጮህከው።»

ይገዙ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያም፣ «ያኛውስ? የጠየቅሁሽ?» አለ።

«አልቅሼልህ ጨርሼ የለም እንዴ? ከዚህ ወዲያ ምን ቀረኝ፤ አገባሃለሁ እንጂ» አለችው። እኔ ወደ ምድጃው ዞርኩ፣ ምን እንደማደርግ አላወቅሁም።

ትከሻው ተንቀሳቀሰ፣ ሳቀ መሰለኝ። ደህና ዋሉ ብሎ ወጣ። ደረጃውን ወርዶ እንደጨረሰ ተመልሶ ሲወጣ ሰማነው።

«ሰላም ነው! ሰላም ነው! ቁልፌን ረስቼ ነው!» ይላል ከታች ጀምሮ።

ከፊት ለፊታችን ያለችው ሜክሲኳዊት ጎረቤታችን በሯን ከፍታ አየችው። ተናኘ ቁልፉን ከጠረጴዛው አንሥታ፣ «ሰማን! ግባ!» አለችው።